ቅሬው እንቅልፍ የፈረደበት ኸሚስ

ሌሊቱን ሲያነጋ፣ ቀኑን ሲያስመሽ የሚኖር ሰው በየመንደሩ አንድ አይጠፋም። ከጠፋ፣ ወላሂ፣ መንደሩ ገና መንደር አልሆነም። ይሄን ሰው ዓይኑ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ኪሱ ሚስማር ሞልቶ፣ የጎረቤት መዶሻ ተሸክሞ ሲጣደፍ ታገኙታላችሁ። "ወዴት ነው?" ስትሉት "ይቺን ብቻ!" ይላችኋል። "ይቺ" የምትባለዋ ምን እንደሆነች እሱም አያውቃት። ብቻ ከሷ በፊት ሌላ "ይቺ" ነበረች፣ እሷም ሳታልቅ ቀርታለች።

የኛው ኸሚስ ይባላል። በሙሉ ማዕረጉ እንጥራው ካልን፣ ክቡር የሌሊት ዘብ፣ የግማሽ ሥራዎች ሁሉ ባላባት፣ ከሐይቅ እስከ አምባሰል ብቸኛው ያልተኛ ሰው፣ ኸሚስ። መንደራችን ከሐይቁ ወደ አምባሰል ሲወጣ ዳገቱ ላይ ናት። ከዚያ ላይ ሁሉም ይታያል፣ ሁሉም ይሰማል። የኔ ጆሮ ደግሞ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ጤነኛ ነው።

ሚስቱ ኢንሳፍ ደግ ሴት ናት፣ ምላሷ ግን ምላጭ። "ሰው ባል አገባ፣ እኔ የባል ጅምር አገባሁ" ትላለች።

እውነቷን ነው። ኒካሁ ሲታሰር ሸኹ የአባቷንና የሱን እጅ አያይዘው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፣ ውጭ የአንድ አይሱዙ ጎማ ፈነዳ። ኸሚስ "ይቺን ብቻ!" ብሎ እጁን መንጭቆ ወጣ። የአባቷ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሙሽራው ሲፈለግ ከመኪናው ስር ተገኘ፣ ነጩ ጀለቢያ ግሪስ ጠጥቶ። ኢንሳፍ ከጓዳ ሆና "ሙሽራው የት ሄደ?" አላለችም አሉ። "ጎማው ተቀየረ ወይ?" ነው ያለችው። ገና ያኔ ገብቷታል።

ቤታቸው በፀሐይ መውጫ በኩል ተመርጓል፣ በፀሐይ መግቢያ በኩል ጭራሮው ይታያል። እርሻ የወጣ ቀን አንዱን በሬ ጠምዶ ሌላውን ሊያመጣ ሄደ። መንገድ ላይ የሰው አጥር ወድቆ አየ። አጥሩን ሊያቆም ችካል ፈለገ፣ ችካል ሲፈልግ የንብ መንጋ አየ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ በሬው ቀንበሩን ለብቻው ተሸክሞ እንደ ባሏ የሞተባት ቆሟል፣ ኸሚስ ፊቱ አብጦ ንቡን ቀፎ ሊያስገባ ይታገላል። መረቡን ሐይቁ ላይ ይጥልና የት እንደጣለው ይጠፋዋል። በሱ መረብ ዓሣ ያልበላ ጎረቤት የለም፣ ከራሱ ቤት በቀር።

ጨው ሊገዛ የወጣ ጊዜማ ተረት ሆኖ ቀርቷል። መስከረም ነው፤ ሐይቅ ከተማ ላይ የግሸን ተሳላሚዎች አውቶብስ ቆሞ ጓዝ ይጫናል። ኸሚስ ሊያግዝ ጣራው ላይ ወጣ። ሲጭን፣ ሲያስር፣ ሲፈታ፣ መልሶ ሲያስር አውቶብሱ ተነሳ። ኢንሳፍ ወጡን ከሳት አውርዳ ጨው ስትጠብቅ፣ እሱ የአንዲት አሮጊት ጓዝ ተሸክሞ የግሸንን ዳገት ይወጣል። ሲመለስ ጠበል ይዞ መጣ፣ ጨው የለም። ጎረቤታቸው እመት ለተብርሃን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ክርስቲያን እናት፣ ጠበሉን ተቀብለው እንዲህ አሉ፤ "እኔ ዕድሜ ልኬን ስመኘው የቀረሁበትን ኸሚስ ጨው ሊገዛ ወጥቶ ደረሰበት! ኧረ ምን ዓይነት ዕድል ነው!"

ሰው የሚያየው ግን የቀኑን ነው። የሌሊቱን ኢንሳፍ ታውቃለች።

"የሰው ገበያ ሲመሽ ይበተናል" ትላለች። "የዚህ ሰው ራስ ግን ሲመሽ ነው ገበያው የሚቆመው።" ጋደም ይልና ይጀምራል።

"ኢንሳፍ፣ የዶማው እጀታ እኮ..."

"ተኛ።"

"አይ፣ እሱን እንኳ ተይው። ያ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ያለኝን ነገርኩሽ?"

"ኸሚስ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ተኛ።"

"ተኝቻለሁ እኮ። ... ለመሆኑ ዓሣ ይተኛል?"

እንግዲህ ይነሳል። ስልኩን ይጎረጉራል፣ እጀታ ይጠርባል፣ ጠርቦ ሳይጨርስ የተሰነጠቀ በርጩማ ያያል። ወደ ንጋቱ ሸለብ ሲያደርገው የሱብሂ አዛን ይደርሳል። ቀን ራሱን ጉም ይለብሰዋል። ጉሙን ለመግፈፍ ጫት ይቅማል፣ ጫቱ ማታ ዓይኑን ይገትርለታል። እንዲህ እያለ እንደ አውድማ በሬ እዚያው በዚያው ይዞራል።

እኛስ? እኛማ ተጠቀምንበት። ሴት ምጥ ያዛት፣ የማን በር ይንኳኳል? የኸሚስ። ላም መውለድ አቃታት፣ ጅብ በረት ገባ፣ ሕፃን ትኩሳት ያዘው፤ ኸሚስ! "እሱ እንደሁ አይተኛም" እንላለን። ሸለብ ካደረገው ደግሞ እኛው እንቀሰቅሰዋለን፤ ከዚያ እንደገና "አይገርምም፣ አይተኛም እኮ!" እንላለን።

በዚህ ላይ ሾምነው።

ቅሬ የመቅበሪያ ማኅበራችን ነው። እስላም ክርስቲያን ሳይል አብሮ ይቆፍራል፣ አብሮ ያለቅሳል፤ ድንኳኑም ድስቱም አንድ ነው። እኛ ዘንድ ሰውን "ሙት" ብትሉት ይስቃል፤ "ቅሬ ያሳጣህ" ያላችሁት ቀን ግን ተጣላችሁ። የቅሬው ዳኛ አያ ፈንታሁን ነበሩ። ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ ቃል አይናገሩም። "እኽ! እንግዲህ..." ይሉና እንደ ከብት ነጂ ዝግ ብለው ይሄዳሉ፤ እንግዲሁ የት እንደሚያደርስ አይታወቅም፣ ግን ሁልጊዜ ያደርሳል። የድሮው ቅሬ ጠሪ ሲያረጅ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ከቤት ቤት እየዞረ ሞትን የሚለፍፍ ሰው ተፈለገ። እንቅልፋም አይሆንም። ሁላችንም ባንድ አፍ "ኸሚስ!" አልን።

ጉድ በሉ፣ ቻለበት! በዕድሜው ጀምሮ የጨረሰው ሥራ ያ ነው። የመጨረሻው ቤት ሳይደርስ አይመለስም። ደግሞ ባዶ ሞት አይጠራም፤ ለያንዳንዱ ሟች አንዲት ደግ ቃል ይጨምራል። "ያ ጀማዓ! ቅሬ! ቅሬ! ያቺ ውኃ ለጠየቃት ወተት የምትሰጠው እናታችን አለፈች!" ሲል፣ ሟቿን በሕይወት ሳለች ያኮረፋት ሁሉ እያለቀሰ ይነሳል። ኢንሳፍም ጀርባዋ ቀና አለ። ገበያ ስትወርድ "የጅምሩ ሚስት" የሚላት ጠፋ።

ከዚያ ያ ኅዳር መጣ።

ማታ ላይ እመት ለተብርሃን "ነገ ማሽላዬን ላሳጭድ ነው፣ ጠዋት በዚያው አፍህ ደቦ ጥራልኝ" ብለውት ነበር። ሳይነጋ ደግሞ የማዶው ጎረቤታችን የኡበይድ አባት ሞቱ። ኡበይድ ራሱ መጥቶ በሩን አንኳኳ፣ ነገረው፣ ተመለሰ። ኸሚስ ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል አልጎበኘውም፤ አንዱን ሌሊት ለምጥ፣ አንዱን ለጅብ፣ የቀረውን ለራሱ ገበያ ሰጥቶታል። ሁለቱን መልእክት ተሸክሞ ወጣና መንገድ ላይ ጭነቱ ዞረበት። ለቅሶው ከለተብርሃን ቤት፣ ደቦው ከኡበይድ ቤት ነው ብሎ ጠራ።

እመት ለተብርሃን የደቦውን ጠላ ሲያቀርቡ "ወይኔ ለተብርሃን!" እያሉ ደረት የሚደቁ ሴቶች ከች አሉ። አካፋና ዶማ የያዙ ወንዶች ተከተሉ። እመት ደንግጠው አብረው አለቀሱ። ደህና አልቅሰው ሲያበቁ ነው "ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?" ያሉት።

ሳቁ እዚህ ድረስ ነው። ወዲያ ማዶ ኡበይድ የአባቱ ሬሳ አጠገብ ተቀምጦ ቅሬን ይጠብቃል። የመጣለት ማጭድ ያነገበ ጎበዝ ነው፣ የአጨዳ ዜማ እያወጣ፣ እየተቀባበለ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ዜማው ባፋቸው ደረቀ። ቀባሪው ተሰብስቦ ጉድጓዱ እስኪቆፈር ፀሐይ ዘቀዘቀች። ከዙሁር ሶላት በፊት አፈር ሊቀምሱ የሚገባቸው ሰውዬ እስከ አስር ሶላት ቆዩ። ኡበይድ ያን ቀን ቀባሪውን አመስግኖ ሸኘ። ማታ ግን አያ ፈንታሁን ዘንድ ሄደ። "ከቅሬ ይውጣልኝ" አለ።

ቅሬ የሌለው ሰው ሲሞት ማን ይሸከመዋል? ኢንሳፍ ልጅ የላት፣ ወንድም የላት። ኸሚስ ከጭራሮው ግድግዳ ሥር ተቀምጦ "ጅብ ይብላኝ፣ ይገባኛል። አንቺን ግን ምን አድርጌሽ ልሙት?" አላት። ያን ሲል ዓይኑ ወዲያ ወዲህ አላለም። እሷን ያስፈራት ይሄ ነው። ሸንጎው ሳይቀመጥ ጎትታ ደሴ ወሰደችው።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። የልጅነቱን ጠየቀ፣ የትምህርት ቤቱን ጠየቀ፣ የሌሊቱን ጠየቀ፤ ከዚያ ለነገሩ ረጅም ስም አወጣለት። ኢንሳፍ ስሙን እየደጋገመች እስከ ሐይቅ አደረሰችው፤ ከባጃጅ ስትወርድ ግን ጣለችው። ፍሬውን አልጣለችም።

ሸንጎው የቅሬው ዕቃ ከሚቀመጥበት ጎጆ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ኡበይድ ግን ቆመ።

"አባቴ ደጅ ዋሉ" አለ። "ሰው እየዘፈነ መጣብኝ። ሌላ አልልም።"

እመት ለተብርሃን ሊያለዝቡት ፈልገው "እኔስ ልጄ፣ የሞትኩት ሴትዮ ይሄን አልኩ? የጎረቤቴን ለቅሶ እኮ ሰማሁት፤ አንዲት እንባ ጠብ አላላትም!" አሉ። ሳቁ ሊጀምር ብሎ የኡበይድን ፊት ሲያይ ተመለሰ።

"እኽ! እንግዲህ ኸሚስ፣ የምትለው አለህ?"

"ተሳስቻለሁ" አለ ኸሚስ መሬት እያየ። "ኡበይድ፣ አባትህን እንደ አባቴ..." አንዲት ወፍ ጎጆው ክዳን ላይ አረፈች። ዓይኑ ተከትሏት ወጣ። አፉ ተከፍቶ ቀረ።

"ይኸው! አያችሁ?" አለ ኡበይድ። "አሁንም እዚህ የለም!"

ኢንሳፍ ብድግ አለች። አንዱ "ሴት በወንዶች ሸንጎ..." ብሎ ሲጀምር "ስሞት የምትሸከመኝ አንተ ነህ። በቁሜም ስማኝ" አለችው። ተቀመጠ።

"ሐኪሙን ጠይቄያለሁ። ጂን ነው ወይ? አይደለም። ስንፍና ነው? አይደለም። ይሄ ሰው ሲፈጠር ጀምሮ ሐሳቡ ይበተንበታል። ደህና የተኛ ቀን የተበተነውን እንደምንም ይለቃቅመዋል። ያልተኛ ቀን ግን በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። ሐሳቡ ስለሚበተን አይተኛም፣ ስላልተኛ ደግሞ ይብስበታል። እንቅልፉን ማን ወሰደው? ግማሹን እሱ ራሱ በጫትና በስልክ አባከነው፣ አልክድም። የቀረውንስ? ሌሊት በሬን አንኳኩቶ የማያውቅ እዚህ መሃል ካለ እጁን ያውጣ!"

አንድ እጅ ሊወጣ ብሎ ኢንሳፍ ስታየው ጆሮ አከከ። ሌላ እጅ አልታየም።

"አይተኛም ብላችሁ ሾማችሁት። ስላልተኛ ልታባርሩት ነው። አያ ፈንታሁን፣ አንዱን ይፍረዱ።"

አያ ፈንታሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አልበቃቸውም፣ ደግመው ጠረጉ።

"እኽ! እንግዲህ። ኡበይድ ተበድሏል። ኸሚስ እግሩ ላይ ይውደቅ። ጥሪውም ከኸሚስ ይነሳ፤ ኡበይድ ይጥራ። የቆሰለ ሰው ቃል አይስትም። ከቅሬው ግን አይወጣም። ኸሚስ ደግሞ... ኸሚስ ይተኛ።"

"ምን አሉ?" አለ ሸንጎው።

"ይተኛ ነው የምለው! ቅሬው ፈርዶበታል። ከዒሻ ሶላት እስከ ጀምበር መውጫ በሩን ያንኳኳ፣ የቀሰቀሰ፣ ምጥም ቢሆን ሞት፣ በሚቀጥለው ለቅሶ ውኃ ቀጂው እሱ ነው!"

ኸሚስ ኡበይድ እግር ላይ ወደቀ። ኡበይድ አነሳው፤ ፊቱን ግን አዙሮ ነው ያነሳው።

ቅጣቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኢንሳፍ ስልኩን ማታ ማታ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ትቀብረዋለች። ጫቱ ቀረ፤ ሲቀርበት የተነጫነጨውን የሰማሁ እኔ ነኝ። እንቅልፍም እንደ ተቀየመ ዘመድ ደጅ ቆሞ አልገባም ይል ነበር። ቆይቶ፣ እያመነታ፣ ገባ። ኸሚስ ሌላ ሰው አልሆነም፤ ግድግዳው ዛሬም ጭራሮው ይታያል። ግን አንድ ቀን ኢንሳፍ ጨው ልካው ጨው ይዞ መጣ። ተቀብላው ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ያዘንነው ስለ ጥሪው ነው። ኡበይድ አይሳሳትም፣ ቃል አያዛንፍም። "ቅሬ። እገሌ ሞቷል። ቅሬ።" በቃ። ደግ ቃል የለ፣ ምን የለ። ከዚያ ወዲህ በደረቁ ነው የምንሞተው። ኸሚስም ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሥራ የፈታ እጁን ያያል።

የካቲት ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ አያ ፈንታሁን አረፉ።

ኢንሳፍ ለሱብሂ ውዱእ እያደረገች ነው። የኡበይድ ድምፅ ከላይኛው መንደር ሲወርድ ሰማችው። "ቅሬ!" ይላል፤ ማን እንደሞተ አልለየላትም። ቀረበ፣ በጣም ቀረበ። የነሱ አጥር ጋ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። ብቅ ብላ ብታይ ኡበይድ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ እንደ ሌባ በጣቱ እየረገጠ ያልፋል።

"ማን ነው?" አለችው በሹክሹክታ።

"አያ ፈንታሁን።"

አፏን ያዘች። "ልቀስቅሰው።"

"ተይው።"

"ይወዳቸው ነበር እኮ! ሳይቀብራቸው ቢቀር ለራሱ ምን ይለዋል? እናንተስ ምን ትሉታላችሁ?"

"የፈረዱት እሳቸው ናቸው" አለ ኡበይድ። "ምጥም ቢሆን ሞት ብለዋል። ፍትሐቱ ረጅም ነው፣ ይደርሳል። እንቅልፉን ይጨርስ።"

ሦስት ቤት አልፎ ጫማውን አጠለቀ። ድምፁም ተመለሰ።

ኢንሳፍ ገብታ ከመደቡ አጠገብ ቆመች። ኸሚስ አፉን ከፍቶ፣ መዳፉን ጉንጩ ሥር አድርጎ ተኝቷል። እጇ ሊነካው ሄዶ ተመለሰ። እንደገና ሄዶ ተመለሰ። ሰገደችና ማንም እንዳይገባ በሩ ላይ ተቀመጠች።

ሲነሳ ፀሐይ ሞቃለች፣ መንደሩ ጭር ብሏል። ነገረችው። ነጠላውን አንስቶ ወጣ። እሷም ከኋላው ተከተለች፤ የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ለኸሚስ ረጅም ነው፣ በየመታጠፊያው አንድ "ይቺ" ትጠብቀዋለች። ቁልቁለቱ ላይ ባጃጅ ቦይ ገብቶ ቆሟል። "ኸሚስ! አላህ ነው ያመጣህ! ና እስቲ ግፋ!" አሉት። ኸሚስ ዞር አለ። እርምጃው ዘገየ። "ስመለስ" አላቸውና ሄደ።

ሬሳው ወርዶ አፈር ሲለብስ ደረሰ። አካፋ ተቀበለ። በኛ ወግ ሰው ሲደክም ለሌላው ያቀብላል፤ ኡበይድ እጁን ዘረጋለት፣ ኸሚስ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ዘረጋሁ፣ እኔንም አላየኝ። ወፉ ይጮኻል፣ ሴቱ ያለቅሳል፣ የአምባሰል ነፋስ አቧራውን ፊቱ ላይ ይበትነዋል፤ እሱ ከአፈሩ ዓይኑን አላነሳም። ያነሳው የመጨረሻው ድንጋይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ላቡ ይሁን እንባው አልለየሁም።

ኡበይድ ጠጋ አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየው።

"ተኝተህ ነበር?"

ኸሚስ እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፋ። "ተኝቼ ነበር" አለ።

"ተመስገን!" አሉ እመት ለተብርሃን። "አልሐምዱሊላህ!" አለ ቅሬው፣ እዚያው መቃብሩ አፍ ላይ፣ ካህናቱ ዞር ብለው እስኪያዩን ድረስ። እኔም ብያለሁ። ከሁሉም ጮክ ብዬ።